ከመስኮቱ ያለፈ ስም

የይርዳው ልጅ ሞታለች። የመጀመሪያ ልጁ ነበረች፤ መራመድ ሳትለምድ መሮጥ የጀመረች። ስሟን አሁን መጥራት አይቻልም። ቦታው ሲደርስ ይጠራል፤ የአገሩ ደንብ እንዲህ ነው።

አገሩ ስም የለውም ማለት አይደለም። ስሙ ረጅም ስለሆነ እስከ መጨረሻው የጠራው ሰው የለም እንጂ። በአገሩ መካከል አደባባይ አለ፤ በአደባባዩ ላይ ግንብ፣ በግንቡ ላይ መስኮት። መስኮቱ ቁመቱ እንደ በር ነው፤ ወርዱ ግን የአንድ ሰው ክንድ ነው፣ ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ። የመጀመሪያው ንጉሥ ክንዳቸውን ዘርግተው «ይህን ያህል ይበቃል» አሉ ይባላል። ስለ ምን እንዳሉ የሚያስታውስ የለም። ስለ ዳቦ ይሆናል የሚሉ ነበሩ፤ እነሱ ግን ዝም እንዲሉ ተደርገዋል።

በዚያ አገር ሰው ሲሞት አፈር ስለለበሰ ብቻ ሞተ አይባልም። ስሙ በመስኮቱ መነበብ አለበት። እስኪነበብ ድረስ ቤተሰቡ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ አልጋ ላይ አይወጣም። ቤት ውስጥ እሳት አይነድም፤ ጎረቤት የሰጠውን ይበላል። የሟቹን ስም አይጠራም። ስሙ በተነበበ ቀን ቤተሰቡ ይነሳል፣ ይታጠባል፣ እሳት ያነዳል፣ ስሙንም እስኪጠግብ ይጠራል።

ደንቡ ክፉ አልነበረም ይላሉ አዋቂዎች። ክፉ ያደረገው መስመሩ ነው።

የሟቹ ስም የሚጻፈው ከቤቱ በወጣ ረጅም ጨርቅ ላይ፣ በአንድ መስመር ነው። ፊደሉ ከአውራ ጣት ማነስ የለበትም። መስመሩ በሟቹ አይጀምርም፤ በንጉሡ ይጀምራል። ከንጉሡ ማዕረጎቻቸው ይከተላሉ። ከማዕረጎቹ የአገረ ገዢው ስም፣ ከአገረ ገዢው የመስኮት ሹሙ ስም፣ ከእርሱ የአንባቢው። አዲስ ሹም በተሾመ ቁጥር ስሙ ይጨመራል። ሹም ሲሻር ግን ስሙ አይወጣም፤ ተመልሶ ሊሾም ይችላልና። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሟቹ አያት፣ አባት፣ በመጨረሻም ሟቹ።

በድሮ ዘመን ሹም ጥቂት ነበር፤ ሟቹ በመስኮቱ ውስጥ ይገባ ነበር። በኋላ ሹም ሲበዛ ሟች ወደ ቀኝ ተገፋ። መጀመሪያ ግማሽ ስሙ ከመስኮቱ ወጣ። ቀጥሎ ሙሉ ስሙ። ቀጥሎ አባቱም አያቱም ተከትለውት ወጡ። አንባቢው ከመስኮቱ ፊት ቆሞ እስከ ቀኙ ጠርዝ ድረስ ያነባል፤ ጠርዙ ጋ ሲደርስ «እስከዚህ!» ይላል። ሕዝቡም «እስከዚህ!» ይላል። የሟቹ ስም ካልታየ «አልደረሰም» ተብሎ ጨርቁ ለቤተሰቡ ይመለሳል። ስማቸው ሁልጊዜ የሚነበብላቸው ከመስመሩ መጀመሪያ ያሉት ብቻ ናቸው። እነሱ ሳይሞቱም ይነበባሉ።

መላ ያልሞከረ አልነበረም። አንዱ የንጉሡን ማዕረጎች አሳጥሮ ጻፈ፤ ታሰረ። ሌላው ጨርቁን ቆርጦ ከታች ሰፋው፤ «መስመር የቆረጠ ዘር የቆረጠ ነው» ተባለና ከአገር ተባረረ። ሦስተኛው ጨርቁን ወደ ግራ ሳበው። የሟቹ ስም በመስኮቱ ታየ፤ የንጉሡ ስም ግን በግራ በኩል ከመስኮቱ ወጣ። ንጉሥን ከመስኮት ማስወጣት ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልግም። ሰውየው ከዚያ ወዲህ አልታየም፤ ጨርቁም አልተመለሰም።

ስማቸው ያልደረሰላቸው ሰዎች ከግንቡ በስተቀኝ ሰፈሩ። ሰፈሩ ጠርዝ ሰፈር ይባላል። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ስለሚቀመጥ የቤቶቹ ጣሪያ ዝቅ ያለ ነበር። ሐዘኑ ባልወጣ ቤት የተወለደ ልጅ ስም አይወጣለትም፤ «ቆይ» ነው የሚባለው። በጠርዝ ሰፈር አንዲት እናት ደጅ ላይ ቆማ «ቆይ!» ብላ ስትጣራ ግማሹ መንደር ይዞራል። ከሚዞሩት ውስጥ ሽበት ያወጡ ነበሩ።

ይርዳው የመስኮቱ ጠርዝ ያዥ ነበር። ሥራው ከግንቡ ውስጥ፣ ከመስኮቱ በስተቀኝ፣ ሰው በማያየው ቦታ መቆም ነው። ጨርቁ ከግራ ይመጣል፤ የንጉሡ ስም ግራው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል። በቀኝ በኩል የተረፈውን ይርዳው ከጠርዙ ጀምሮ እስከ ጫፉ፣ መሬት እንዳይነካ፣ በእንጨት ላይ ይጠቀልላል። ጥቅሉ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ከተንሸራተተና ጫፉ ከወጣ «ቀንድ አወጣ» ይባላል፤ የጀማሪ ጥፋት ነው። የይርዳው ጥቅል ቀንድ አውጥቶ አያውቅም። ደግ ሥራ ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ ጥላ አለው፣ ዝናብ የለውም። የጠቀለለውን አያነብም ነበር። ያዥ እንጂ አንባቢ አይደለም።

ልጁ ስትሞት ሚስቱ አንጓች ሌላ ልጅ ይዛ ነበር፤ ሆዷ ገፍቷል። መሬት ላይ መቀመጥ ይከብዳታል። ይርዳው ያለውን ነጠላና ደበሎ አንጥፎላት ነበር፤ አልተኛችበትም።

«በሚቀጥለው ንባብ ትነበባለች» አላት።

«አንተ ነህ ጠርዙን የምትይዘው» አለችው። «ትነበባለች?»

ይርዳው የደበሎውን ጫፍ አስተካከለ።

«ስማኝ ይርዳው» አለች ሆዷን ይዛ። «ቆይ አልወልድም። እኔ ቆይ የሚባል ልጅ አልወልድም።»

የንባቡ ቀን ደረሰ። ንባብ በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው። ይርዳው የልጁን ጨርቅ ለግራ ያዡ ሰጥቶ ራሱ በስተቀኝ ቆመ። አደባባዩ ሞልቶ ነበር። የመስኮት ሹሙ አለቃ ጥላዬ ከወንበራቸው ተነስተው እጃቸውን አነሱ። አንባቢው ዘለቀ ማንበብ ጀመረ። ንጉሡን አነበበ። ማዕረጎቹን አነበበ። አገረ ገዢውን አነበበ። ጨርቁ በይርዳው እጅ በኩል አለፈ፤ አለቃ ጥላዬ አለፉ፣ የተሻሩት ሹማምንት አለፉ፣ አባቱ አለፈ፣ እርሱ ራሱ አለፈ። ቀጥሎ የልጁ ስም መጣ። ይርዳው ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቀለለውን አነበበ። እንጨቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ ረሳ።

«እስከዚህ!» አለ ዘለቀ ከውጭ።

«እስከዚህ!» አለ ሕዝቡ።

«አልደረሰችም።»

አለቃ ጥላዬ ወደ ውስጥ ገቡና የይርዳውን እንጨት አዩ። ጥቅሉ ተንሸራቷል። እያንዳንዱ ዙር ከበፊተኛው ዝቅ ብሎ እንደ ቀንድ ወደ ታች ወርዷል።

«አንተ! ቀንድ አወጣህ!»

«ይቅርታ ጌታዬ።»

«ሐዘን ላይ መሆንህን አውቃለሁ። ሐዘን ግን ቀጥ ብሎም ይጠቀለላል።»

ይርዳው አንገቱን ደፋ። አንገቱን ሲደፋ ነው ያየው። ጥቅሉ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ አንዱ ዙር ሌላውን ይሸፍነው ነበር። ስለተንሸራተተ ግን አልሸፈነውም። ከላይ የአለቃ ጥላዬ ስም ጥግ ይታያል። ከሥሩ የአባቱ። ከሥሩ የእርሱ። ከሁሉ በታች የልጁ። ጨርቁ አልተቆረጠም፤ አልተሳበም። ዞሮ ተመልሶ ከታች ብቅ ብሏል፤ ጥማድ በሬ ማሳው ጫፍ ሲደርስ ድንበር ሳይዘል ተመልሶ ከሥር እንደሚያርስ።

ይርዳው እንጨቱን እንዳለ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። በመንገድ ላይ የጠርዝ ሰፈሯ እትዬ ብርቄ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ባሏ ከሞተ ዘመኑ አይቆጠርም፤ ስሙን እስካሁን አልጠራችም፣ «ያ ሰውዬ» ነው የምትለው።

«መጣህ?» አለችው። «እንግዲህ ጎረቤት ሆንን። ቦታ ላሳይህ? እዚያ ጋ መሬቱ ለስላሳ ነው፤ እኔ ነኝ ያለሰለስኩት።»

«አመሰግናለሁ እትዬ። ትንሽ ልጠብቅ።»

«ጠብቅ። ያ ሰውዬም እየጠበቀ ነው።»

ቤት ሲገባ አንጓች ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። እንጨቱን ፊቷ አቆመው።

«ተመልከች» አላት። «ከላይ ጀምረሽ ወደ ታች።»

አየች። ብዙ ጊዜ አየች። የልጇን ስም ስታገኝ አፏን በእጇ ያዘች።

«ቆረጥከው?»

«አልቆረጥኩትም።»

«ሰው ያየዋል እንዲህ?»

«እንጨቱ ቀጭን ነው፤ አይታይም። እንደ መስኮቱ የሚሰፋ ሰሌዳ ላይ ብጠመጥመው ግን ይታያል። ያዥ የራሱን እንጨት ያመጣል ነው የሚለው ሕጉ። ወርዱ ይህን ያህል ይሁን አይልም።»

ሰሌዳውን ከአሮጌ በር ሠራው። ወርዱን ከመስኮቱ ጋር አስተካከለ። ጨርቁን ሲጠመጥመው ግን አልሆነም። ጨርቁ በሰሌዳው ጀርባ ዞሮ ሲመጣ፣ ከጀርባ የዋለው ጽሑፍ ሁሉ ተሰወረ። አለቃ ጥላዬ ሙሉ በሙሉ ጀርባ ላይ ቀሩ። ያ ባልከፋ ነበር፤ የልጁ ስም ግን ጠርዙ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ከፊት፣ ግማሹ ከኋላ።

ይርዳው ሰሌዳውን ይዞ ተቀመጠ። አንጓች አጠገቡ መጣች።

«ጀርባ ላይ ለምን ትጽፋለህ?» አለችው።

«መስመሩ ስለሚያልፍበት ነዋ።»

«ይለፍበት። አንተ ግን አትጻፍበት። ባዶ ተወው። ፊት ላይ ስትደርስ ትጀምራለህ።»

«ቃል መካከል ላይ ጠርዙ ቢመጣስ?»

«ቃሉን አትስበረው። ካልበቃው ሙሉውን ወደሚቀጥለው አውርደው። ልጅ ወንዝ ስታሻግር ግማሹን አታሻግርም።»

ይርዳው ሳቀ። ልጁ ከሞተች ወዲህ ሳቅ ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ ራሱም ደነገጠ።

ባዶ ቦታ የሚተውለት ረጅም ጨርቅ ግን አልነበረም። አዲስ ለመሸመን ቀን ይፈልጋል፤ የአንጓች ሆድ ደግሞ ቀን አይሰጥም። ከቤቱ የወጣ ጨርቅ መሆን አለበት፤ የተዋሱት አይሆንም። አንጓች ጥቂት አሰበች። ከዚያ ቆማ መቀነቷን መፍታት ጀመረች። ዞሮ ዞሮ አያልቅም ነበር። በመጨረሻ መሬት ላይ ተከመረ።

«ይኼ ይበቃል» አለች። «ስትጨርስ ግን መልስልኝ። ወገቤ ያለሱ አይቆምም።»

ይርዳው ጻፈ። ማንንም አላስቀረም። የንጉሡን ማዕረጎች ሁሉ ጻፈ፤ የተሻሩትንም ጻፈ። ፊት ላይ ጻፈ፣ ለጀርባው ባዶ ተወ፣ ፊት ላይ ጻፈ።

ሁለተኛው የንባብ ቀን ደረሰ። አንጓች ወገቧን በእጇ ይዛ አደባባይ መጣች። ሴቶች ከበው አቆሟት፤ አንዷ «ዛሬ ባትመጪ ምን ነበረበት፣ እዚሁ ልትወልጂ ነው እንዴ» አለቻት። «ብወልድም ስም ይዤ ነው» አለች አንጓች።

ተራው ሲደርስ ይርዳው ሰሌዳውን መስኮቱ ውስጥ አቆመው። ያ መስኮት እንደ በር ረጅም ሆኖ ሳለ ሁልጊዜ አንድ መስመር ብቻ ነበር የሚታይበት፤ የቀረው ጨለማ ነበር። አሁን ከላይ እስከ ታች ሞላ።

አለቃ ጥላዬ ሲሮጡ መጡ። ሹም ሲሮጥ አይተው የማያውቁ ልጆች እልል አሉ።

«ቆርጠሃል!» አሉ።

«ይመልከቱት ጌታዬ።»

አለቃ ጥላዬ የመቀነቱን ጫፍ ይዘው በጣታቸው ተከተሉት። ሰሌዳውን ዞሩት፣ ደግመው ዞሩት። አልተቆረጠም። ሲጨርሱ ትንሽ አዞራቸው።

«ስበኸዋል!»

«ንጉሡ በግራው ጠርዝ ላይ ናቸው።»

ነበሩ።

«አሳጥረሃል! እገሌን ትተሃል!»

ስሞቹ ሁሉ ተቆጠሩ፤ የጎደለ አልነበረም። አንድ የተሻሩ ሹም ከሕዝቡ መካከል ስማቸውን አይተው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ታዲያ ምን አደረግኸው?»

«ጠመጠምኩት ጌታዬ።»

«ጥምጥም በሕጉ የለም!»

«የለም ጌታዬ።»

አንድ ነገር በሕጉ ከሌለ ወንጀሉ ማድረጉ ነው ወይስ አለማድረጉ ነው፤ ይህ በአገሩ ገና አልተወሰነም ነበር። አለቃ ጥላዬ እጃቸውን ወደ ዘበኞቹ ሲያነሱ ከሕዝቡ መካከል እትዬ ብርቄ በምርኩዟ ተደግፋ ተነሳች። በንባብ ቀን ተነስቶ መናገር በደንቡ አልተፈቀደም፤ ግን ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ነበር የሚያየው።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ምንድን ነው?»

«ዛሬ ንጉሣችን ከሁሉ በላይ ናቸው። ሟቿ ከታች ናት። ደስ ይላል፤ ለዓይንም ይገባል። ግን እስከ ዛሬ በአንድ መስመር ሲጻፍ…» ጉሮሮዋን ጠረገች። «ንጉሣችን ከኔ ባል ጎን ነበር የሚቀመጡት? ከቆዳ ፋቂው ጎን? በአንድ ተርታ?»

ወደ ዘበኞቹ የተነሳው እጅ ወረደ።

አለቃ ጥላዬ ወደ መስኮቱ አዩ። ወደ እትዬ ብርቄ አዩ። ወደ ቤተ መንግሥቱ አዩ። ፊታቸው ላይ ላብ ወጣ። ይህን ሁሉ ዘመን ንጉሡን ከቆዳ ፋቂ ጋር ያሰለፈው ማን ነበር? የመስኮት ሹሙ ነዋ።

«ማነው ያለው!» አሉ በመጨረሻ። «ማነው በአንድ ተርታ ያለው! መስመር ድሮም ይጠመጠም ነበር። የቀድሞ ሥርዓት ነው። ሰነፎች ረስተውት ነው። ይርዳው!»

«አቤት ጌታዬ።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልጠመጠምክም?»

«ይቅርታ ጌታዬ።»

«ይነበብ!»

ዘለቀ ማንበብ ጀመረ። ንጉሡን አነበበ። ጠርዙ ጋ ሲደርስ ከልማድ «እስከ…» ብሎ ጀመረና አቆመ። ዓይኑ ወደ ግራ ተመለሰ፤ ዝቅ አለ። በዚያች ትንሽ ዝምታ ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ከጀርባ ባዶው ጨርቅ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። ዘለቀ ቀጠለ። አለቃ ጥላዬ ስማቸው ከንጉሡ በታች በሁለተኛው ረድፍ መውደቁን ያዩት ያኔ ነው፤ ፊታቸው ጠቆረ፣ ግን ሥርዓቱ የቀድሞ ነው ብለዋልና ዝም አሉ። የተሻሩት አለፉ። አያት አለፈ። ጠርዝ። ትንፋሽ። ከታች የመጨረሻው ረድፍ ላይ ጥቂት ቃል ብቻ ነበር።

«የይርዳው ልጅ» አለ ዘለቀ። «ስንዱ።»

ከዚያ ደግሞ፣ ይህን ቃል ካለ ብዙ ዘመን ስለሆነው እየተጠራጠረ፣ «ደርሳለች» አለ።

«ደርሳለች!» አለ ሕዝቡ።

ይርዳው ከግንቡ ውስጥ ነበር፤ ሲሰማ ግድግዳውን ተደገፈ። ረጅም መንገድ ሸክም ይዞ የመጣ ሰው ሸክሙን ሲያወርድ የሚሰማው ነገር ተሰማው። ከውጭ የአንጓች ድምፅ ይሰማ ነበር። «ስንዱ! ስንዱዬ! ስንዱ!» ትላለች። ታለቅስ ነበር፤ ግን የምታለቅሰው ስም ጠርታ ነው።

ከዚያ በኋላ አደባባዩ ተረበሸ። የጠርዝ ሰፈር ሰው ጨርቁን ሊያመጣ ሮጠ። መሬት ላይ ሲቀመጡ የኖሩ ሰዎች መሮጥ ረስተው ስለነበር እርስ በርስ ተጋጩ። ጨርቁ ባዶ ቦታ የሌለው ሰው ባዶ የሸማ ቁራጭ በመርፌ ገጠመና ዳግም ጻፈበት። መቁረጥ እንጂ መቀጠል አልተከለከለም ነበር። በር የሌለው ቤት በዛ፤ በሩ ሁሉ ሰሌዳ ሆነ። ዘለቀ ድምፁ እስኪዘጋ አነበበ።

እትዬ ብርቄ ባሏ በተነበበ ጊዜ አላለቀሰችም። ምርኩዟን መሬት ላይ መታች።

«አሞኘ!» አለች ስሙን ጠርታ። «አንተ አሞኘ! ይህን ሁሉ ዘመን መሬት ላይ አስቀምጠኸኝ! ና አሁን እንተያያለን!»

ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ሽበት ያወጣው ልጇ ቆይ አጠገቧ ቆሞ ነበር። «እማ፣ እንግዲህ ስም አውጪልኝ» አላት። «ቆይ» አለችው፣ «ላስብበት።»

ይርዳውና አንጓች ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታቸው ደረሱ። ይርዳው ደጁ ላይ ሲደርስ እንደ ድሮው «ስንዱ!» ብሎ ተጣራ። ከሥራ ሲመለስ እንዲያ ነበር የሚያደርገው፤ እሷም እየሮጠች ጉልበቱ ላይ ትወድቅ ነበር። ማንም አልመጣም። ግን ጠርቷታል። ታጠቡ። አንጓች እሳት አነደደች፤ ጢሱ መጀመሪያ መውጫው ጠፍቶት ቤቱን ሞላው፣ ሁለቱንም አሳላቸው። አልጋው ላይ ተቀመጡ። አልጋው ከፍ ያለ መሰላቸው።

«መቀነቴን» አለች አንጓች።

ይርዳው መቀነቱን ከሰሌዳው ፈታው። እጇን አነሳች፤ እርሱ ከንጉሡ ስም ጀምሮ ወገቧ ላይ መጠምጠም ጀመረ። ወገቧ እንደ ሰሌዳው አልነበረም። ቃላቱ ሌላ ቦታ ላይ ወደቁ፤ በሰሌዳው ጀርባ የነበረው ባዶ ፊት ላይ መጣ፣ ፊት የነበረው ወደ ጎን ዞረ። መስመሩ ግን ያው መስመር ነበር። ዙሩ እየተደራረበ ሲሄድ ንጉሡ ከማዕረጎቻቸው ጋር ከሥር ቀሩ። አለቃ ጥላዬ በላያቸው ተጠመጠሙ፤ የተሻሩት በእርሳቸው ላይ፤ የይርዳው አባት በእነሱ ላይ፤ ይርዳው በአባቱ ላይ። ስለዚህኛው ደግሞ ሕጉ ምንም አይልም።

በመጨረሻው ዙር፣ ከሁሉ በላይ፣ ሆዷ ላይ፣ ስንዱ ወጣች።

አንጓች እጇን እዚያ ላይ አሳረፈች። ከስሙ በኋላ ትንሽ ባዶ ጨርቅ ተርፎ ነበር። ይርዳው ያን ጫፍ ያዘና፣ ስሙን እንዳይሸፍነው ተጠንቅቆ፣ ወደ ውስጥ ሸጎጠው።